«ጥቅም» የሚለው ዓምድ

አምቦ፣ ሰኔ 2 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጂራ ኦልጅራ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ከንዴት በስተቀር ደህና ነኝ። አካም ጂርታ? ባለቤትህስ? ትንሿ ካሰች አፏን ፈታች?

በወንዙ ዳር የቆሙት ሠላሳ አንድ ችካሎች ለምን ቁጥር ብቻ እንደያዙ ጠይቀሃል። ወይ አንተ! ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ባልከፋኝ። እማዬ ሸነን ላይ ስትታመም ጓሮዋን ከነሥሩ ነቅዬ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በጭነት መኪና አምቦ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ቦታ ውስጥ እንዲተከል ፈረንጁን ፕሮፌሰር የለመንከው አንተ ነህ። እኔንም አትክልተኛ አድርገህ ያስቀጠርከኝ አንተው። ታዲያ ምኑ ነው የጠፋህ?

የላቲን ስማቸውን በአንድ ቀን ጽፈህ ጨረስክ። የቀረህ ለምን ለምን እንደሚሆኑ ነው። እሱን አልነግርህም፤ ቂም ይዤብህ እንዳይመስልህ። የመድኃኒት ነገር እንዴት እንደሚተላለፍ አንተም ስታየው ያደግህ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ፣ በአፍ፣ በማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ተክሉ አጠገብ ቆሞ ቅጠሉን እያስያዙ ነው። ወረቀት ላይ አይሰፍርም። እማዬ በትሯን ተደግፋ ሠላሳ አንዱን መደብ ስታዞረኝ ሦስት ማለዳ ፈጀባት። ለማንም እንዳልጽፍ አስማለችኝ፤ ማልኩ። በሳምንቱ አረፈች።

ተማሪዎቹ ለዘመቻ ከሄዱ ወዲህ ቦታው ጭር ብሏል። ፕሮፌሰሩም ጓዙን ሰብስቦ አገሩ ገባ። የቀረነው እኔና ዘበኛው ኦቦ ቱፋ ነን። ሰሞኑን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣና «ይሄ መሬት ምን ይመረትበታል?» አለኝ። «ይታይበታል፤ ተማሪ ይማርበታል» አልኩት። በሳቅ ፈረሰ። እኔን ግን አላሳቀኝም። እባክህ በሬ ጠምደው ሳይገቡብኝ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ላክልኝ።

እህትህ ኡርጌ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1967 ዓ.ም.

እትዬ ኡርጌ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ እኛ ደህና ነን። ካሰች አፏን ፈትታለች፤ የምትለው ግን «እምቢ» ብቻ ነው። በማን እንደወጣች እኔ አልናገርም።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ልኬልሻለሁ። ለሊቀ መንበሩ ስትሰጪው አትሳደቢ። «እኔ መች ተሳደብኩ?» እንዳትይኝ፤ ከሳቀብሽ በኋላ ያልሽውን የነገረኝ ሰው አለ።

ወረቀቱ ግን ለጊዜው ነው። ዩኒቨርሲቲው አዲስ ቅጽ አውጥቷል። አራት ዓምድ አለው፤ ተራ ቁጥር፣ ሳይንሳዊ ስም፣ የአካባቢ ስም፣ ጥቅም። ቦታው ለተማሪ መማሪያ ነው ማለት ከእንግዲህ አይበቃም። ለሕዝብ ምን ይጠቅማል ነው ጥያቄው። የጥቅም ዓምዱ ያልተሞላለት መደብ ለሌላ ሥራ ይታረሳል ተብሏል። እንግዲህ አስቢው። የወንዙ ዳር ለም ነው፣ ውኃ አለው፣ ዓይን ይጥሉበታል። ሠላሳ አንድ ባዶ ሣጥን ይዤ ኮሚቴ ፊት ስቆም ምን ልበል? ለእነሱ ጥቅሙ ያልታወቀ ተክል አረም ነው።

ደግሞም ልንገርሽ፤ ከፍቶኛል። እኔ ዕፅዋት ተማርኩ፣ ባሕር ተሻገርኩ፣ ቅጠል ሳገላብጥ ዓይኔ ደከመ። የገዛ እናቴ ግን ጓሮዋን ለአንቺ ነገረችሽ። ለቀብሯ ስመጣ የላቲኑን ስም በአንድ ቀን የጻፍኩት ጉራ መስሎሽ ይሆናል። አልነበረም። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው። ምን አጠፋሁ ኡርጌ? ነግራሽ ከሆነ ንገሪኝ።

ወንድምሽ ጂራ


አምቦ፣ መስከረም 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለጂራ፣

እንኳን አደረሰህ። ቦታው እንዴት ሆነ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ጎመን ሆኗል።

አልቀለድኩም። ባዶ መሬት ሁሉ ምግብ ያምርት ተብሎ ወጣቶቹ ዶማ ይዘው መጡና የፕሮፌሰሩን የአበባ መደብ በአንድ ከሰዓት ገለበጡት። ያ ስንት ዓመት የደከምንበት ጽጌረዳ ለማገዶ እንኳ አልሆነም። አሁን ከበሩ እስከ ችግኝ ቤቱ ድረስ ጥቅል ጎመን ነው። ውኃ የማጠጣው እኔ፣ ትል የምለቅመው እኔ። «የዕፅዋት ቦታ» የሚለው ሰሌዳ ግን አልወረደም። ኦቦ ቱፋ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ያነበውና ራሱን ይነቀንቃል።

የወንዙን ዳር አልነኩም፤ ያልነኩት ግን እኔ መሐል ገብቼ ስለቆምኩ ነው። ከአውራጃ የመጣው ኃላፊ በችካሎቹ መካከል እየተዘዋወረ «ከእነዚህ የሚበላው የትኛው ነው?» ሲለኝ «አሥራ ዘጠነኛውን ሞክረው» አልኩት። እጁን ሲዘረጋ ደንግጬ «ተው ተው!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ አልሄደም። እኔንም በደህና ዓይን አያየኝም።

ቅጹን ሞልቼ ልኬልሃለሁ። «ባዶ አታስቀሪው» አላልክም? አላስቀረሁትም። በሠላሳ አንዱም ላይ «ለሚያውቅ ይጠቅማል» ብዬ ጽፌያለሁ። እውነት ነው፤ ደግሞም መሐላዬን አልነካም።

ለምን ለአንተ እንዳልነገረችህ በየደብዳቤህ ትጠይቀኛለህ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ! እሺ፣ የዚያን ዕለት እኔም ጠይቄያት ነበር። «ጂራ ወረቀት ይወዳል» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። በቃህ?

ኡርጌ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1971 ዓ.ም.

ኡርጌ፣

ሰላም ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ።

ቅጹን ኮሚቴው ፊት ጮክ ብለው አነበቡት። ገብቶሻል? ጮክ ብለው! አንዱ ተነሥቶ «ተራ ቁጥር አንድ፣ ለሚያውቅ ይጠቅማል፤ ተራ ቁጥር ሁለት፣ ለሚያውቅ ይጠቅማል» እያለ እስከ ሠላሳ አንድ ወረደ። አንዱንም አልዘለለም። እኔ ጠረጴዛ ሥር ብገባ ደስ ባለኝ። ሌላው ደግሞ «ይህ ዕውቀትን ከሰፊው ሕዝብ መደበቅ ነው፤ ማን ናት እሷ?» አለ። ቃሉ ወዴት እንደሚወስድ አንቺም ታውቂያለሽ። ዘንድሮ የሚቀለድበት ጊዜ አይደለም።

«የሚያውቅ» ያለችው ሰፊውን ሕዝብ ነው ብዬ አመለጥኩ። ሕዝቡ የሚያውቀውን ገና እየሰበሰብን ነው አልኩ። ጊዜ ሰጡኝ።  ይህን ሁሉ የማደርገው ለጎመን አይደለም፤ ያ መደብ ከእማዬ የቀረን ስለሆነ ነው። አንቺ ግን እንደ ጠላት ታዪኛለሽ።

እማዬ ስለ ወረቀት ያለችውን አንብቤያለሁ። 

ጂራ


አምቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጂራ፣

ደብዳቤህ በገባ በሰዓቱ ነው የምጽፍልህ፤ ሰላምታውን በኋላ።

የካሰች ዓይን ቢጫ ከሆነና ምግብ ከዘጋት እንዲህ አድርግ። በአውቶቡስ ሾፌሩ በዱጋሳ እጅ የላክሁት ብልቃጥ ውስጥ ዱቄት አለ። ለሦስት ማለዳ ነው፤ መጠኑን በጨርቅ ከፋፍዬ በክር አስሬዋለሁ፤ አንዱን እስር በአንድ ማለዳ፣ በማር። አትቀንስ፣ አትጨምር። ሐኪም ቤት የሚሰጧትንም እንዳታስተዋት። ምን ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። የፈጨሁትና የቀላቀልኩት ለዚሁ ነው። ልጅ ናትና አንጀቴ አልቻለም እንጂ ቅጠሉ ሸነን ያልተወለደ ሰው እጅ ገብቶ አያውቅም።

እዚህ ያለውን ብነግርህ ደግሞ ትስቃለህ ወይ ታለቅሳለህ። ጎመኑ ቀርቷል። አሁን የችግኝ ጣቢያ ነን። ስልሳ ሺህ ባሕር ዛፍ በላስቲክ ከረጢት አፍልተን ለዛፍ ተከላ ዘመቻው እናስረክባለን። ለሥራ ስንዴ ስለሚሰጥ ሰዉ ከጊንጪ ሳይቀር በእግሩ ይመጣል፤ እናቶች ልጅ አዝለው አፈር ይሞላሉ። ሲያዩት ሆድ ያባባል፤ ምን ብዬ ልቆጣ? ያልሞላሽው ከረጢት አለ ብዬ ማንን ልገሥጽ? በዚህ መሐል የመጣው ተቆጣጣሪ ደግሞ የወንዙ ዳር ለከረጢት መደርደሪያ ይሁን ይለኛል። ጥቅሙ አልተሞላም ይለኛል። ይኸው ያ ዓምድ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

እባክህ ጂራ፣ ማሎ! ልጅቷ እንዴት እንደሆነች ቶሎ ጻፍልኝ። እንቅልፍ የለኝም።

ኡርጌ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ ኡርጌ፣

ካሰች ድናለች። ዓይኗ ነጭ ሆነ፣ ትበላለች፣ ትጨቃጨቃለች። ሐኪሙ ያዳናት የእሱ መድኃኒት መሆኑን ነግሮኛል፤ እኔ አላውቅም። ማንም ያድናት ማን፣ ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይባርክ።

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ካልነገርኩሽ የገና በዓል ደስ አይለኝም።

ብልቃጡ ሲደርሰኝ ሦስቱን እስር ፈታሁ። ከእያንዳንዱ ግማሹን ለካሰች ሰጠሁ። ግማሹን ቢሮ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት። በውስጡ አራት ዓይነት ቅጠል አለ። ሦስቱን ለይቻቸዋለሁ፤ ሰባተኛው፣ አሥራ ሁለተኛውና ሃያ ስድስተኛው ናቸው። አራተኛውን አላወቅሁትም። በደብተር ጽፌዋለሁ። ደብተሩ ተቆልፎበታል፤ ለማንም አላሳየሁም። ለቅጹ ይሆነኛል ብዬ ነበር፣ መደቡን ላድንበት። የምልሽ ይህን ብቻ ነው።

ይቅር በዪኝ።

ጂራ


አምቦ፣ ጥር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ጂራ!

ግማሹን ለልጅህ፣ ግማሹን ለማይክሮስኮፕህ!

ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ። ለኦቦ ቱፋም አነበብኩለት። «አባት ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? አትቀንስ አላልኩህም? መጠኑን በክር ያሰርኩት ለጌጥ ነው? ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆንብን ማን ነበር ተጠያቂው፣ አንተ ወይስ እኔ? «የኡርጌ ቅጠል ገደላት» ይባል ነበር፤ አንተም አብረህ ታለቅስ ነበር፣ ግማሹ ደብተርህ ውስጥ እያለ!

ጨጓራዬን ላጥከው። አሥር ዓመት ሙሉ «ለምን እኔን አልመረጠችም» ትላለህ። ይኸው፣ ለዚህ ነው።

ደብተሩን አቃጥል። ሳታቃጥል እንዳትጽፍልኝ።


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1983 ዓ.ም.

እትዬ ኡርጌ፣

ደብተሩን አቃጠልኩ ብዬ ከጻፍኩልሽ ስድስት ዓመት ሞላኝ። አቃጥያለሁ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንቺ የሚመጣልኝ በየሩብ ዓመቱ ባዶ ቅጽ ብቻ ነው። ሰላምታሽን ካሰች ናት የምታደርስልኝ።

እሷን ካነሳሁ፣ አንቺ ዘንድ ስላቆየሻት አመሰግናለሁ። ነጥብ ስላልመጣላት ከጥቅምት ጀምሮ ስሟን ስጠራ ድምፄ ይለወጣል፤ ታውቀኛለች፣ ትሸሸኛለች። ያስተማርኩት የሰው ልጅ ሁሉ አልፎ የእኔዋ በሥነ ሕይወት ወደቀች። እዚያ ምን እንደምትሠራልሽ አላውቅም። ሥራ ከፈታች ቆጣ በያት።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። የችግኝ ጣቢያው ተዘግቷል፤ ታውቂያለሽ። ዩኒቨርሲቲው እንደ ድሮው መማሪያ ያድርገው እንዳይባል በጀትም ተማሪም የለም፤ ጊዜው የጦርነት ነው። የላይኛው ግቢ ይቆያል፤ የወንዙ ዳር ግን ለምግብ ቤቱ ሽንኩርት ይታረስ ተብሎ ወስነዋል። የመጨረሻው ፊርማ የማን እንደሆነ ልንገርሽ? የእኔ ነው። ዘንድሮ የኮሚቴው ሰብሳቢ አድርገውኛል። አንድ ቀዳዳ ብቻ አግኝቻለሁ፤ «ለሕክምና ጥቅማቸው የተመዘገቡ ዕፅዋት ያሉበት መደብ አይታረስም» የሚል አንቀጽ አለ። የተመዘገቡ ነው የሚለው። ዓምዱ ይሞላ ነው የሚለው። እስከ ጥምቀት ድረስ ይዤ እቆያለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።

ኡርጌ፣ እየለመንኩሽ ነው። ቅጹን አያይዤያለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ለመንኩሽ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። እማዬም ብትሆን ከሚታረስ ይነገር የምትል ይመስለኛል።

ጂራ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለጂራ፣

ይህን ደብዳቤ መዝገብ ቤት ከፍተው እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ጤና ይስጥልኝ የመዝገብ ቤት ሰዎች፤ ቅጹን ባዶውን መልሼላችኋለሁ፣ ፋይል አድርጉት።

ለአንተ የታሸገ ፖስታ አለ። በዱጋሳ እጅ ብቻ ነው የምትቀበለው። ስትለምነኝ የኖርከው ነገር መልሱ እዚያ ነው። ብቻህን ሆነህ ክፈተው፤ ኮሚቴ ፊት እንዳትከፍተው። የማልኩትን አሥራ ስድስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ደክሞኛል፤ ጉልበቴም ከወንዙ ዳር አልመልስ ይለኝ ጀምሯል። ሐኪሙ ምን አለ ብለህ በካሰች በኩል ጠይቀሃል። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ካሰች ሥራ ፈታች ወይ ላልከው፣ ልጅቷን ተዋት። ከእኔ ቀድማ ትነሣለች። ነጥብ ነጥብ እያልክ የልጅ ፊት ታጠቁራለህ።

ኡርጌ


አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 1983 ዓ.ም.

እትዬ ኡርጌ፣

እንኳን አደረሰሽ፤ ዘግይቻለሁ። የዘገየሁበት ምክንያት ይሄው።

ፖስታሽን ዱጋሳ ታኅሣሥ 22 ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። አራት ቀን እያየሁት ውዬ አደርኩ። ባለቤቴ «ክፈተው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። 

አስቢው እስቲ። ብከፍተው መደቡ ይድናል። ዓምዱ ይሞላል፣ አንቀጹ ይሠራል፣ ኮሚቴው ዝም ይላል። አንቺ ግን ለእማዬ የማልሽውን ያፈረስሽው በእኔ ጭቅጭቅ ነው። ደክሞኛል ብለሽ ጻፍሽ። ያደከምኩሽ እኔ ነኝ። የልጄን መድኃኒት ከአፏ ቀንሼ ማይክሮስኮፕ ሥር ያስገባሁ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ ታላቅ እህቴን አስጨንቄ መሐላዋን ላስበላት? አይሆንም አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ወረቀት ከመውደድ ልለፍ አልኩ።

ስለዚህ ታኅሣሥ 26 ማስረከቢያውን ፈረምኩ። መሬቱን ሰጠሁ፤ ምስጢሩን ላንቺ አስቀረሁ። ፖስታውን እንደታሸገ ይኸው መለስኩልሽ፤ አንድ ፊደል አላየሁም። ለማን እጅ ልስጠው እያልኩ ስፈራ ነው እስካሁን የቆየው። ትቆጪ ይሆናል። ግን በዕድሜዬ አንድ ነገር በትክክል የሠራሁ መስሎ ተሰምቶኛል፤ ገናንም ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ካሰች ጥምቀትን እዚያው ውላ ትመለስ።

ወንድምሽ ጂራ


አምቦ፣ ጥር 15 ቀን 1983 ዓ.ም.

ጂራ፣

ፖስታው እንደታሸገ ደረሰኝ። አበስኩ ገበርኩ!

አንተ ሰው፣ እኔን አታውቀኝም? አርባ አራት ዓመት ወንድሜ ሆነህ፣ ቁጭ ብዬ የእማዬን ሠላሳ አንድ ነገር ወረቀት ላይ የምዘረግፍ መሰልኩህ? ያን ጊዜ መጻፍ እምቢ ያልኩ አሁን በእርጅናዬ እጽፋለሁ? ስንት ዓመት «ክፈቺ፣ ንገሪኝ» ያልከው ሰውዬ፣ ክፈተው ስትባል ጨዋ ሆንክ! በማይከበርበት ጊዜ ስታከብር!

ቀድጄዋለሁ። ያለበትን እዚህ እገለብጥልሃለሁ፤ አምስት መስመር ናት።

«ጂራ፣ ጥር 4፣ ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ። ዓርብ በዱጋሳ አውቶቡስ ና። ቅዳሜ ጠዋት ምንም እንዳትቀምስ። ሠላሳ አንዱንም እነግርሃለሁ። የማልኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አልማልክም፤ ከነገርኩህ በኋላ ብትጽፈውና መደቡን ብታድንበት ያንተ ጉዳይ ነው።»

ይኸው ነው። ይህን መዝገብ ቤት ቢያነበው «የጎጂ ልማድ ጥሪ» ብለው ስብሰባ ላይ ያነቡብህ ነበር። ለዚህ ነው አሽጌ በዱጋሳ እጅ የላክሁት፤ ይሄንንም እንዲሁ።

ዓርብ ጠዋት የማረሻውን ትእዛዝ አመጡ። ሥሩ ላይ ፊርማህ አለ። አየሁትና ምን አልኩ መሰለህ? «ሥራ በዝቶበት ሳያነብ የፈረመው ነው፤ ነገ ሲመጣ ራሱ ያስቆመዋል» አልኩ። ለኦቦ ቱፋም እንዲሁ ነገርኩት። ማታ ዱጋሳ ባዶውን መጣ። «በጠዋቱ በሌላ መኪና ይመጣል» አልኩ። አልጋህን አነጠፍኩ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆምኩ። ካሰችም አብራኝ ተነሣች፤ አባቷ እንደሚመጣና ሳይበላ እንደሚመጣ ነግሬያት ስለነበር እሷም ምንም አልቀመሰችም። ነጋ። ኦቦ ቱፋ ሻይ ይዞልኝ መጣ፤ መለስኩለት። ከአዲስ ዓለም በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ካሰች ወደ አስፋልቱ ትሮጣለች። አንዱ እንጨት የጫነ ነበር፣ አንዱ ወታደር የጫነ። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች፤ ማለዳው ሊያልፍብን ሆነ። ትራክተሩ ማክሰኞ ነው ተብሏል። እማዬ ሠላሳ አንዱን ስትነግረኝ ሦስት ማለዳ እንደፈጀባት ታውቃለህ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ሌላ ማለዳ አልነበረኝም።

አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ከዚያ ልጅህን «ነይ» አልኳት። እጇን ይዤ ከአንደኛው ችካል ጀመርኩ።

ነጥብ ያልመጣላት ልጅህ አንዱንም ሁለቴ አላስባለችኝም። ጂራ፣ ሰኞ ጠዋት መጨረሻው ላይ ከላይ ወደ ታች ጠየቅኋት፣ ከታች ወደ ላይ ጠየቅኋት። ቅጠሉን ይዛ ስትናገር እማዬን ያየሁ መሰለኝ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ትራክተሩ ገባ። ዘጠኙን ነቅለን በጣሳ ተክለናል፤ ሌላው ሄደ። ዛሬ መስመር እያወጡ ነው፣ ለሽንኩርቱ። ኦቦ ቱፋ አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል፤ እኔ ወደዚያ አልሄድም።

ስለ ጉልበቴና ስለ ሐኪሙ ካሰች ትነግርሃለች፤ እሱን ብትጠይቃት አይከፋኝም። ቅዳሜ በዱጋሳ አውቶቡስ ትመጣለች፤ ሂድና ተቀበላት፣ ዕቃዋ ከባድ ነው። ነጥቧን አታንሳባት። በየማለዳው ሳትበላ ስትወጣ ብታያት የት ነበርሽ አትበላት። ምን እንደነገርኳትም አትጠይቃት። ላንተ ነበር ያሰብኩት።

እህትህ ኡርጌ